«ተራ» እና «ዙር»፦ የገበታ ጨዋታ ወደ ኮምፒዩተር ሲዛወር ስለሚነሡ የስያሜ ጥያቄዎች

የአንድን ጨዋታ ሕግ ከገበታ ወደ ኮምፒዩተር የማዛወር ሥራ አንድን ጽሑፍ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ከመመለስ ሥራ ጋር በብዙ ረገድ ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ የሚቀር ነገር አለ፤ የሚጨመር ነገር አለ፤ ሳይታሰብ የሚለወጥ ነገርም አለ። በዚህ ሐተታ የምንመረምረው «ትዋይላይት ስትረግል» በመባል የሚታወቀውን የገበታ ጨዋታና እርሱን መሠረት አድርጎ የተሠራውን የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። ወደዚህ ጉዳይ የገባነው በጨዋታ ፍቅር ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት ተርጓሚ የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ መልሶ የቃላቱን ዝርዝር እንድናይለት አምጥቶልን ነበር። እኛም ዝርዝሩን ተመልክተን ደህና ነው ብለን መለስንለት። ስሕተት መሥራታችን የታወቀን ወረቀቱ ላይ ሳይሆን፣ ከወራት በኋላ አራት ሆነን ለጨዋታ በተቀመጥን ጊዜ ነው። ይህ ጽሑፍ በከፊል የዚያ ስሕተት መታረሚያ ነው።

ጨዋታውን የደረሱት አናንዳ ጉፕታና ጄሰን ማቲውስ ናቸው፤ ያሳተመውም እ.ኤ.አ. በ2005 ጂ.ኤም.ቲ. ጌምስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው። ሁለት ተጫዋቾች፣ አንዱ የአሜሪካን ሌላው የሶቪየት ኅብረትን ወገን ይዘው፣ ከ1945 እስከ 1989 የዘለቀውን ቀዝቃዛ ጦርነት በዓለም ካርታ ላይ ይጋጠሙበታል። መሣሪያቸው ካርታ ነው፤ እያንዳንዱም ካርታ ከዘመኑ የፖለቲካ ክንውኖች አንዱን የያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው የተሻሻለ እትም የካርታዎቹ ቁጥር 110 ደርሷል። የኮምፒዩተሩን ቅጂ ያዘጋጀው ፕሌይዴክ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለሥራው የሚሆን ገንዘብ ከደጋፊዎች አሰባስቦ በ2016 ለተጠቃሚ አቅርቦታል።

የጨዋታው ስም ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ የ1961 የበዓለ ሲመት ንግግር የተወሰደ ነው። ተርጓሚው «የወጋገን ትግል» ብሎት ነበር። ወጋገን ግን የሚነጋ ሌሊት ብርሃን ነው፤ ተስፋ አለበት። እዚህ የሚፈለገው ይንጋ ይምሽ የማይለይበት ብርሃን ስለሆነ «የድንግዝግዝ ትግል» እንዲባል አሳስበናል። ይህ ቀላሉ ነው።

በላይኛው አንቀጽ «ካርታ» የሚለውን ቃል በሁለት ፍች መጠቀማችንን አንባቢ ሳያስተውል አልቀረም። አማርኛ አገር የተነደፈበትንም ወረቀት፣ ተበውዞ የሚታደለውንም ወረቀት በአንድ ስም ይጠራል። በሌላ ጨዋታ ይህ ችግር አያመጣም፤ ካርታ የሚጫወት ሰው የአገር ካርታ አይዘረጋምና። በዚህ ጨዋታ ግን «ካርታውን ካርታው ላይ አስቀምጥ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሊገኝ ነው። ተርጓሚው መፍትሔ ያደረገው ተበዋዡን «ካርድ» ማለት ነበር። ቃሉ ዛሬ የተለመደ ውሰት መሆኑን አንክድም። ነገር ግን «መበወዝ»፣ «ማደል»፣ «መጣል» የተባሉት ግሦች ሁሉ ከ«ካርታ» ጋር አብረው ያደጉ ስለሆኑ፣ ስሙን ስንለውጥ ግሦቹ ባይተዋር ይሆናሉ። ስለዚህ የሚለቀው የመልክዐ ምድሩ ካርታ ይሁን ብለናል፤ እርሱ በጨዋታው ውስጥ ሥራው የአገር ሥዕል ከመሆን ይልቅ የመጫወቻ ሜዳ መሆን ነውና «ገበታ» ቢባል ትክክለኛ ስሙ ነው። ከዚህ በኋላ በዚህ ጽሑፍ «ካርታ» ያልነው ሁሉ ተበዋዡን ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በእንግሊዝኛው ደንብ ጨዋታው በአሥር ትላልቅ ክፍሎች ይከፈላል፤ እነዚህ «ተርን» ይባላሉ። በእያንዳንዱ ትልቅ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ተጫዋቾች እየተፈራረቁ ካርታ ይጥላሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ስድስት ስድስት ጊዜ፣ ከአራተኛው ጀምሮ ሰባት ሰባት ጊዜ። ይህች ትንሿ ክፍል «አክሽን ራውንድ» ትባላለች። ተርጓሚው፣ መዝገበ ቃላት እንደሚያዘው፣ «ተርን»ን «ተራ»፣ «ራውንድ»ን «ዙር» አለ። እኛም አጸደቅን። ውጤቱም «ጨዋታው አሥር ተራ አለው፤ በእያንዳንዱ ተራ ስድስት ወይም ሰባት ዙር አለ» የሚል ደንብ ሆነ።

ቃል ለቃል ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በጨዋታው መካከል ከመካከላችን አንዱ «ተራው የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ደንቡን የያዘው ተርጓሚ «ተራው የሁለታችሁም ነው፤ ዙሩ ግን የአንተ ነው» ሲል መለሰ። ሳቅን፤ ስሕተቱም በዚያች መልስ ታየን። ለአማርኛ ተናጋሪ ተራ የአንድ ሰው ነው። ተራዬ፣ ተራህ፣ ተራዋ ይባላል፤ ባለቤት የሌለው ተራ የለም። ዙር በአንጻሩ የማኅበር ነው። ዕቁብተኞች ዙሩ ሞላ የሚሉት እያንዳንዱ አባል ዕጣው ወጥቶለት ሲያበቃ ነው፤ ስለዚህ ዙር ተራዎችን በውስጡ ይይዛል እንጂ በተራ ውስጥ አይገባም። የቡና ሥነ ሥርዓትም ይህንኑ ይመሰክራል፦ አቦል አንድ ዙር ነው፤ በዚያ ዙር ውስጥ ሲኒው ለእያንዳንዱ በተራው ይደርሳል።

በመሆኑም ትክክለኛው አማርኛ የመዝገበ ቃላቱ ተቃራኒ ነው። የዚህ ጨዋታ «ተርን» ዙር፣ «ራውንድ»ም ተራ መባል አለበት። ይህ ለተርጓሚ የሚከብድ ውሳኔ መሆኑን እናውቃለን፤ ምክንያቱም ሁለቱን ቋንቋዎች የሚያውቅ አንባቢ ሲያስተያያቸው ተርጓሚው ቃላቱን ያምታታ ይመስለዋል። ከዚህም በላይ በሌሎች ብዙ ጨዋታዎች እንግሊዝኛው ራሱ ትልቁን «ራውንድ»፣ ትንሹን «ተርን» ስለሚል፣ የጋራ የቃላት ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው አንድን የእንግሊዝኛ ቃል እዚህ እንዲህ፣ እዚያ እንዲያ ለመመለስ ይገደዳል። ይሁን እንጂ የስያሜ ሥራ የሚተረጉመው ጽንሰ ሐሳብን እንጂ የቃልን ልብስ አይደለም። እንግሊዝኛው ካልጸና፣ አማርኛው ከእርሱ ጋር እንዲወላወል የሚያስገድደው ነገር የለም።

ለዚህ አሠራር ከሁሉ የጠነከረ ማስረጃ ሆኖ ያገኘነው ሌላ ቃል ነው። በጨዋታው የኑክሊየር ጦርነት የሚያስከትል እርምጃ ከተፈጸመ፣ የሚሸነፈው እርምጃው በተፈጸመበት ጊዜ ተራው የነበረው ተጫዋች ነው፤ ካርታው የሚጠቅመው ለተቃራኒው ወገን ቢሆንም እንኳ። እንግሊዝኛው ይህን ሰው «ፌዚንግ ፕሌየር» ይለዋል፤ ይህም ተናጋሪዎቹን ራሳቸውን የሚያደናግር፣ ከጦር ጨዋታ ደንብ ውጭ የማይሰማ ስያሜ ነው። አማርኛ ግን ቃሉን ከዱሮ ጀምሮ ይዞታል፦ ባለተራ። አንድ ምሳሌ እንስጥ። የሶቪየቱ ተጫዋች «ዳክ ኤንድ ከቨር» የተባለው የአሜሪካ ካርታ በእጁ ገባ እንበል። ካርታውን ለራሱ ሥራ ቢጥለውም በላዩ የተጻፈው ክንውን መፈጸሙ አይቀርም፤ ክንውኑም ዓለምን አንድ እርምጃ ወደ ጦርነት ያቀርባል። ዓለም አስቀድሞ በአፋፉ ላይ ከነበረ እሳቱ ይነሣል፤ ተጠያቂውም ሶቪየቱ ነው። «ባለተራው ይሸነፋል» ብሎ በሦስት ሴኮንድ ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ትልቁን ክፍል «ተራ» ብንለው ኖሮ ይህ ግሩም ቃል አይሠራም ነበር፤ ትልቁ ክፍል የሁለቱም ነውና ሁለቱም ባለተራ ሊሆኑ ነው። ቃላት እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ መሆናቸው የሚታወቀው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

የዚህ ጨዋታ የጦርነት መለኪያ «ደፍኮን» ይባላል፤ ከአሜሪካ ጦር የተወሰደ ምሕጻረ ቃል ሲሆን የመከላከያ ዝግጁነት ሁኔታን ያመለክታል። ቁጥሩ ከ5 ይጀምራል፤ 5 ሰላም ነው፤ 1 ሲደርስ ሁሉም ነገር አበቃ። የመጀመሪያው ረቂቅ «የአደጋ ደረጃ» ብሎት ነበር። እንግዲህ «የአደጋ ደረጃ ወደ 2 ዝቅ አለ» የሚል ዜና ቢነገረን ማናችንም እፎይ እንላለን፤ ባለተራው ግን ሊጠፋ ነው። እኛ «የሰላም እርከን» የሚለውን መርጠናል። ሰላም ከአምስተኛው እርከን ወደ ሁለተኛው ወረደ ቢባል፣ ቁጥሩም ፍቹም አብረው ይወርዳሉ። በዚህ ስም ሌላም ነገር ግልጽ ይሆናል፦ እርከኑ ወደ 4 ሲወርድ በአውሮፓ፣ ወደ 3 ሲወርድ በእስያ፣ ወደ 2 ሲወርድ በመካከለኛው ምሥራቅ መንግሥት የመገልበጥ ሙከራ ይከለከላል። በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ግን በማናቸውም እርከን አይከለከልም። የጨዋታው ደራሲዎች ይህን ሲወስኑ የታሪክ ፍርድ እየሰጡ እንደ ነበር ይሰማናል፤ ፍርዱም ሐሰት ነው አንልም።

ከዚህ ጋር የተያያዘው «መፈንቅለ መንግሥት» የሚለው የጸና ስያሜ ነው፤ ሊለወጥ አይገባውም። ነገር ግን የኮምፒዩተሩ ቅጂ ለተጫዋቹ የሚያቀርበው በትንንሽ ቁልፎች ላይ የተጻፉ አማራጮችን ነው። እንግሊዝኛው በአራት ፊደል የሚጽፈውን ቃል እኛ በአሥር ፊደል መጻፍ አለብን። (ስለ ቦታ ስናነሣ ፍትሕ ይሁን፦ እንግሊዝኛው በዘጠኝ ፊደል የሚጽፈውን «ተጽዕኖ» እኛ በአራት እንጨርሰዋለን፤ ፊደላችን በጠቅላላው አላከሰረንም።) ተርጓሚው «ግልበጣ» ብሎ አሳጠረው። ቃሉ ጥሩ ነው፤ በሕዝብ አፍም አለ። ሆኖም በካርታ ጨዋታ ውስጥ «መገልበጥ» የተደፋውን ካርታ ማየት ማለት ስለሆነ፣ «ግልበጣ» የሚል ቁልፍ የተጫነ ሰው መንግሥት ገልብጦ ሊያገኘው የፈለገው አንድ ወረቀት ብቻ ሊሆን ነው። «ፍንቀላ» ብንል ሥርወ ቃሉ ከሙሉው ስያሜ ጋር ይያያዛል፤ ከካርታም ጋር አይጋጭም። በደንቡ ላይ መፈንቅለ መንግሥት፣ በቁልፉ ላይ ፍንቀላ።

የኮምፒዩተሩ ቅጂ ከገበታው የሚበልጥበትን ነገር ለማሳየት ይኸው ፍንቀላ ይበቃል። በገበታው ላይ ተጫዋቹ ዳይስ ጥሎ የካርታውን ነጥብ ይደምራል፤ ከድምሩም የአገሩን ጽናት ሁለት እጥፍ ይቀንሳል። ኢትዮጵያ በገበታው ላይ ጽናቷ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ባለ 3 ነጥብ ካርታ የጣለ ተጫዋች ዳይሱ 4 ቢወጣለት፣ 7 ይሆናል፤ 2 ሲቀነስ 5 ይቀራል። ተቃራኒው በዚያ 2 ተጽዕኖ ከነበረው ሁለቱ ይነሣሉ፤ በቀረው 3 ባለተራው የራሱን ያኖራል። ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ ለጀማሪው ግን በእያንዳንዱ ተራ ላይ ጨዋታው ቆሞ ሒሳብ ይጀመራል። ኮምፒዩተሩ ይህን ሁሉ በቅጽበት ይሠራዋል፤ የማይፈቀደውንም አይፈቅድም። ከዚህ ቀደም «ቫሳል» በሚባለው መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ገበታውንና ምልክቶቹን በመስኮት ላይ ያገኙ ነበር፤ ሕጉን ማስከበር ግን የራሳቸው ድርሻ ነበር። ቫሳል ገበታውን ቃል በቃል ተረጎመ ልንል እንችላለን፤ ፕሌይዴክ ግን ፍቹን ተረጎመ፤ በተጫዋቾቹ መካከል ዳኛ አስቀመጠ።

ዳኛው ሲመጣ ግን ንግግር ይቀራል። በገበታ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው የሚያደርገውን መናገር አለበት፦ «በዚህ ካርታ በኢትዮጵያ ፍንቀላ አደርጋለሁ» ይላል። ሌላው ይሰማዋል፤ «አይቻልም» ይለዋል፤ ደንቡ ይገለጣል፤ ይከራከራሉ። የጨዋታ ቃላት የሚወለዱትና የሚጠነክሩት በዚህ ክርክር ውስጥ ነው። በየመንደሩ በቆርኪ ዳማ የሚጫወቱትን ያየ ሰው፣ ከተጫዋቾቹ ይልቅ ተመልካቾቹ ብዙ እንደሚናገሩ ያውቃል፤ «በላው»፣ «ነካህ አትመልስም» የሚሉት ሁሉ ሕግ የሆኑት በአፍ ነው። በኮምፒዩተሩ ቅጂ ግን የተፈቀደው አገር ይበራል፤ ያልተፈቀደው አይበራም፤ ሰውየውም የበራውን ይጫናል። ደንቡን ሳያውቅ፣ ቃሉንም አንድ ጊዜ ሳይናገር መቶ ጨዋታ ሊጫወት ይችላል። የተመሰገነው የዳኝነት ሥራ፣ ለቋንቋ ሠራተኛ ይህ ዋጋው ነው። አዲስ ስያሜ በአማርኛ እንዲለመድ የምንፈልግ ከሆነ፣ መጀመሪያ መሞከር ያለበት በገበታው ላይ ነው የምንለው ለዚህ ነው፤ የእኛም ስሕተት የተገለጠው በገበታ ላይ እንጂ በመስኮት ላይ አልነበረም። ከኮምፒዩተሩ ጋር ለብቻ የሚደረገውን ግጥሚያ በተመለከተ፣ ማሽኑ ከጀማሪ እጅ እምብዛም ያልራቀ ተጋጣሚ ስለሆነ ስለ እርሱ አንዘረዝርም።

በሌላ በኩል የኮምፒዩተሩ ቅጂ በገበታው ላይ ፈጽሞ የማይነሣ የሰዋስው ጥያቄ ያመጣል። መሣሪያው ተጫዋቹን ያናግረዋል፤ አማርኛ ደግሞ የሚያናግሩትን ሰው ጾታና ማዕረግ ሳይለዩ ማናገር አያስችልም። «ተራህ ነው» ቢል ሴቷን ይዘልላል፤ «ተራሽ ነው» ቢል ወንዱን፤ «ተራዎ ነው» ቢል ደግሞ ሁለት ጓደኛሞች በሚሰዳደቡበት ጨዋታ መካከል የቢሮ ጸሐፊ የገባ ይመስላል። ረቂቁ በየገጹ «እርስዎ» እያለ ነበር። እኛ ያሳሰብነው ተጫዋቹን ትቶ ወገኑን መጥራት ነው፦ «የሶቪየት ኅብረት ተራ ነው»፤ «አሜሪካ ካርታ ትምረጥ»። በካርታዎቹ ላይ ለተጻፉት ትእዛዞችም አንቀጹ ተደራጊ ይሁን፦ «ከአንድ አገር ሁለት ተጽዕኖ ይነሣ»። ይህ አባባል የሕግ ጽሑፋችን የቆየ ስልት ስለሆነ ጆሮን አይጎረብጥም።

ስለ ሌሎቹ ቃላት ባጭሩ እንለፍ። የካርታ ነጥብ በእንግሊዝኛው «ኦፐሬሽንስ» ስለሚባል ረቂቁ «የክዋኔ ነጥብ» ብሎት ነበር፤ «የዘመቻ ነጥብ» ይሻላል። ዘመቻ በወታደራዊ ቋንቋችን የዚያው ቃል አቻ ሆኖ ኖሯል፤ በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገት በኅብረት ዘመቻና በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፍቹን ከጦር ሜዳ ውጭ አውጥተውታል፤ ጨዋታው የሚፈልገውም ሁለቱንም ነው። «ሪአላይንመንት» የተባለው እርምጃ ስሙ ያታልላል፤ በእርሱ የተቃራኒን ተጽዕኖ መቀነስ እንጂ የራስን መጨመር አይቻልም። «ዳግም አሰላለፍ» ከማለት «አሰላለፍ ማናጋት» ማለት እውነቱን ይናገራል። «ኮንትሮል» የሚለው ቃል ደግሞ በእንግሊዝኛው አንድ አገርን ለመያዝም፣ አንድ አህጉርን በጠቅላላ ለመቆጣጠርም ያገለግላል፤ ጀማሪዎች በዚህ ሲሳሳቱ አይተናል። አማርኛ ሁለት ቃል ስላለው ይጠቀምበት፦ አገር ይያዛል፣ አህጉር ቁጥጥር ሥር ይገባል። በዚህ ቦታ ትርጉሙ ከዋናው ይበልጣል።

ተርጓሚው ኢትዮጵያ ጽናቷ 1 መባሉ እንዳሳዘነው ነግሮናል። ናይጄሪያም 1 ናት፤ ቁጥሩ የጨዋታ ሚዛን እንጂ የታሪክ ማዕረግ አይደለም። ይልቅስ የሚያስገርመው፣ በመደበኛዎቹ 110 ካርታዎች ውስጥ ስለ አፍሪካ ቀንድ አንድም አለመኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 እና በ1978 ሶቪየት ኅብረት ከሶማሊያ ወደ ኢትዮጵያ የተሸጋገረችበት ሁኔታ፣ አሰላለፍ ማናጋት የሚባለው ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከየትኛውም ካርታ የተሻለ ምሳሌ በሆነ ነበር።

የቀረው የጨዋታው ዓይነት ስም ነው። እንግሊዝኛው በቅጽበት ከሚካሄዱት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ለመለየት «ተርን ቤዝድ» ይለዋል። «ባለተራ ጨዋታ» እንዳንል ቃሉ ለሰው ተይዟል። «የተራ ጨዋታ» ብንል ደግሞ ዋጋ የሌለው ጨዋታ ይመስላል፤ ተራ ሰው፣ ተራ ወሬ እንደሚባለው። ረቂቁ «ተራ በተራ የሚካሄድ» ብሎታል፤ ለዚህ ጨዋታም ይስማማል። ለወገኑ ሁሉ ግን አይስማማም። አለን ካልሃመር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው «ዲፕሎማሲ» በተባለው ጨዋታ ተጫዋቾቹ ሁሉ ትእዛዛቸውን በአንድ ጊዜ ጽፈው በአንድ ጊዜ ይገልጣሉ፤ ተራ የሚጠብቅ የለም። ሆኖም ጨዋታው በየክፍሉ እየቆመ የሚሄድ ስለሆነ በእንግሊዝኛው ከዚያው ወገን ይቈጠራል። ስለዚህ የወገኑ ስም «ዙር በዙር ጨዋታ» ይሁን፤ «ተራ በተራ» ከእርሱ ሥር ያለ አንድ ዓይነት ይሁን። በዙሩ ላይ የተስማማ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

«የድንግዝግዝ ትግል» ራሱ ንጹሕ ተራ በተራ አይደለም። በእያንዳንዱ ዙር መጀመሪያ ሁለቱም ተጫዋቾች አንዳንድ ካርታ በስውር መርጠው በአንድነት ይገልጣሉ፤ የበለጠ ነጥብ ያለው ካርታ ቀድሞ ይፈጸማል፤ እኩል ከሆኑ አሜሪካ ይቀድማል። ይህ ክፍል የአርእስተ ዜና ምዕራፍ ይባላል፤ ስያሜውን ያለ ክርክር ተቀብለናል። ክርክሩ የተነሣው ተርጓሚው እንዲህ ላለው ያለ ተራ ጨዋታ ሁሉ የሚያገለግል አንድ የወል ስም ከአገራችን ሰንጠረዥ ባመጣ ጊዜ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጥናት እንደ ተገለጸው፣ በቀድሞው ሰንጠረዣችን ሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታው ሲጀመር ተራ አይጠባበቁም፤ አንደኛው የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። የዚህም ክፍል ስሙ «ወረራ» ነው። ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ተራ ይገባል።

ቃሉ እንዲህ ቁልጭ ብሎ በቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሌላ መፈለግ ያሳፍራል የሚል ክርክር ቀርቦብናል። ክርክሩን እናከብረዋለን፤ የሰንጠረዡን ሕግ ወደ ኮምፒዩተር የሚያዛውር ሰው ቢነሣም ይህን ምዕራፍ በሌላ ስም እንዲጠራው አንፈቅድለትም። (የሚቸገረው በስሙ አይደለም፤ ተራ የሌለውን ክፍል ተራ ብቻ ከሚያውቅ ማሽን ጋር ማስታረቁ ነው እንጂ።) ነገር ግን ዛሬ ወረራ ሲባል ለሰሚው የሚታየው የጠላት ጦር ድንበር ሲጥስ ነው። አገሮች በተሣሉበት ገበታ ላይ፣ ምንም ጦር ባልተንቀሳቀሰበት ምዕራፍ፣ «አሁን የወረራ ጊዜ ነው» ብሎ የሚያውጅ መሣሪያ ተጫዋቹን ያሳስታል። ተርጓሚው በሐሳባችን አልተስማማም፤ ሁለቱንም ቃላት በታረመው ዝርዝር ላይ ጎን ለጎን ጽፎ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ለጨዋታ ስንቀመጥ ሰው በአፉ የትኛውን እንደሚያነሣ እንይ ብሎናል። ከሰንጠረዥም ሆነ ከገበጣና ከዳማ ተጫዋቾች አንደበት ለዚህ የሚሆን ሌላ ቃል የሰሙ አንባቢያን፣ የሰሙበትን አገር ጨምረው ቢጽፉልን ከዝርዝሩ ጋር እናያይዘዋለን።